የሕፃናት ጥበቃ ሥርዓትን የሚያጠና ኮሚሽን ከየት ይጀምር? ሪፖርቱስ እንዴት ሥራ ላይ ይውላል?

ጥያቄ፦ የሕፃናት ደኅንነትና ጥበቃ ሥርዓትን አጥንቶ የማሻሻያ ምክረ ሐሳብ እንዲያቀርብ መንግሥት ባቋቋመው ኮሚሽን ጽሕፈት ቤት ተመድቤአለሁ። የተሰጠን ጊዜ 12 ወር ነው፤ ቢጋሩ ገና ረቂቅ ነው። ከየት እንጀምር? ምን ዓይነት መረጃ እንሰብስብ? ከዚህ በፊት የወጡ ሪፖርቶች መደርደሪያ ላይ ቀርተዋል፤ የእኛም ዕጣ ያው እንዳይሆን ምን እናድርግ?

ምላሽ፦

ቢጋሩ፣ ማለትም የኮሚሽኑን ሥራ፣ ሥልጣንና ወሰን የሚዘረዝረው ሰነድ፣ ገና ረቂቅ መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው። የእንዲህ ዓይነት ኮሚሽን ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ሪፖርቱ ሲጻፍ ሳይሆን ቢጋሩ ሲፈረም ነው። ስለዚህ ሌላውን ሥራ ከመጀመርዎ በፊት እሱን ያስተካክሉ።

በመጀመሪያ የትኛውን ሥራ እንደምትሠሩ ይለይ። በዚህ ዘርፍ የሚቋቋሙ ኮሚሽኖች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው አንድ ሞት ወይም ጉዳት እንዴት እንደደረሰ ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ2000 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ውስጥ አንዲት የ8 ዓመት ልጅ በአሳዳጊዎቿ እጅ ከሞተች በኋላ ሎርድ ላሚንግ የመሩት ምርመራ ለዚህ ምሳሌ ነው፤ በ2003 በወጣው ሪፖርት 108 ምክረ ሐሳቦች ቀርበዋል። ሁለተኛው ባለፉት አሥርት ዓመታት በተቋማት ውስጥ በሕፃናት ላይ የተፈጸመን በደል ያወጣል፤ የአየርላንዱ ኮሚሽን በ2000 ተቋቁሞ ዋናውን ሪፖርት ያወጣው በ2009 ነው። ሦስተኛው አሁን ያለውን ሥርዓት ያጠናል፤ ፕሮፌሰር አይሊን መንሮ በእንግሊዝ በ2010 ጀምረው በ2011 የጨረሱት ጥናት በ15 ምክረ ሐሳቦች ተጠናቋል።

የእናንተ ሦስተኛው ይመስላል። ቢጋሩ ውስጥ «ጥፋተኞችንም ይለያል» የሚል ሐረግ ካለ እንዲወጣ አጥብቀው ይከራከሩ። የግለሰብ ተጠያቂነትን በሕግ ፊት በሚጸና መንገድ ለማጣራት 12 ወር አይበቃም። ከዚያም የሚከፋው ሌላ ነው፦ ልከሰስ እችላለሁ ብሎ የጠረጠረ ማኅበራዊ ሠራተኛ ሥራው በእውነት እንዴት እንደሚሠራ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ መመሪያው ምን እንደሚል ነው፤ መመሪያውን ደግሞ ያለ እሱም ማንበብ ትችላላችሁ።

ቢጋሩ ላይ ሳይጻፉ ከቀሩ በኋላ ለማስተካከል የሚያስቸግሩ አምስት ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው መረጃ የማግኘት ሥልጣን ነው። የሕፃናት ፋይል፣ የፖሊስ መዝገብ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔና የሕክምና ካርድ ሁሉም በምስጢር ድንጋጌ የታጠሩ ናቸው። ኮሚሽኑ እነዚህን ማየት እንደሚችልና ያየውን እንዴት እንደሚጠብቅ በማቋቋሚያ ደንቡ ካልተጻፈ፣ የየመሥሪያ ቤቱ የሕግ ክፍል ለየብቻው ፈቃድ እየጠየቀ ሦስትና አራት ወር ይበላል። ሁለተኛው ዝግ ችሎት ወይም ዝግ ስብሰባ የማካሄድ ሥልጣን ነው። አውስትራሊያ በተቋማት ውስጥ በሕፃናት ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃትን የሚመረምር ንጉሣዊ ኮሚሽን ስታቋቁም፣ ተጎጂዎች ለኮሚሽነር ለብቻቸው እንዲናገሩ በ2013 ሕጉን ማሻሻል ነበረባት፤ በዚህ መንገድ ከ8,000 በላይ ሰዎች ቃላቸውን ሰጥተዋል። ሦስተኛው ተጠሪነት ነው፤ ኮሚሽኑ ሥራው ለሚመረመረው ሚኒስቴር ተጠሪ ከሆነ የመጨረሻው ረቂቅ ላይ ከባዱ ግኝት ይለዝባል። ተጠሪነቱ ለምክር ቤት ወይም ለመንግሥት የበላይ አካል ይሁን። አራተኛው መንግሥት ለእያንዳንዱ ምክረ ሐሳብ በተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ በ6 ወር ውስጥ፣ በጽሑፍ ተቀብያለሁ፣ በከፊል ተቀብያለሁ፣ አልተቀበልኩም ከነምክንያቱ ብሎ የመመለስ ግዴታ ነው።

አምስተኛው ሁልጊዜ የሚረሳው ነው፦ ኮሚሽኑ ሲበተን መዝገቡ የት ይሄዳል? አየርላንድ ውስጥ የተጎጂዎች ምስክርነት የያዙ መዝገቦች ለ75 ዓመት ታሽገው እንዲቆዩ በ2019 ረቂቅ ሕግ ሲቀርብ ከባድ ክርክር ተነሣ። ቃል የሰጡ ሰዎች ቃላቸው ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባ ነበር። ምን እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚወገድ፣ ማን ሊያየው እንደሚችል በመጀመሪያው ወር ተወስኖ ለእያንዳንዱ ምስክር ከመናገሩ በፊት ይነገረው።

ስለ አባላት አጭር ነገር ልበል። ከ9 እስከ 13 ሰው ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ምልዓተ ጉባኤ መሙላት ራሱ ሥራ ይሆናል። ዳኛ፣ የሕፃናት ሐኪምና የማኅበራዊ ሥራ ምሁር ሳይጠሩም ይመጣሉ። የሚቀሩት ሌሎቹ ናቸው፦ ዛሬም ቤት ለቤት የሚሄድ ጉዳይ ያዥ፣ በጀት የሚያውቅ የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሙያ፣ እና በሥርዓቱ ውስጥ ያደጉ ሰዎች። በሥርዓቱ ያደጉት ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፤ አንድ ሲሆን የሁሉንም ድምፅ ለብቻው እንዲሸከም ይደረጋል፣ ብዙም ሳይቆይ ዝም ይላል። እንደ ሌሎቹ አባላት አበል ይከፈላቸው። የሚመረመሩት መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች ድምፅ የሌላቸው አማካሪዎች ሆነው ቢቀመጡ ይሻላል፤ ጨርሶ ማግለሉ ደግሞ ስሕተት ነው፣ ምክረ ሐሳቡን ነገ የሚፈጽሙት እነሱ ናቸውና።

አባላቱ እስኪሰየሙ ድረስ ጽሕፈት ቤቱ አንድ ሠንጠረዥ መሥራት ይችላል፤ ከዚህ በፊት የወጡ ሪፖርቶችን ምክረ ሐሳቦች በሙሉ አንድ በአንድ መዘርዘርና እያንዳንዱ የት እንደደረሰ መጻፍ። ተፈጽሟል? በመመሪያ ገብቶ በሥራ ቀርቷል? በጀት አጥቷል? ጭራሽ ማንም አልጀመረውም? ይህ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት የሚወስድ ሥራ ነው፤ ኮሚሽኑ ግን ከማንኛውም ጥናት የበለጠ የሚማርበት ነው። አንድ ምክረ ሐሳብ በሦስት ሪፖርቶች ተደጋግሞ ካልተፈጸመ፣ አራተኛ ጊዜ ከመጻፍ ይልቅ ለምን እንዳልተፈጸመ ማጥናት ይገባል። ብዙ ጊዜ መልሱ ኃላፊነቱ ለሁለት መሥሪያ ቤቶች ተሰጥቶ የማንም ሳይሆን መቅረቱ ነው።

አሁን ወደ መረጃው። ሥርዓቱን በመሥሪያ ቤቶች መዋቅር አታጥኑት፤ አንድ ሕፃን በሚያልፍበት መንገድ ተከተሉት። ጥቆማ ይመጣል፣ ይጣራል፣ ምርመራ ይደረጋል፣ ይወሰናል፤ ሕፃኑ እቤቱ ሆኖ ይደገፋል ወይም ወደ ዘመድ፣ ወደ አደራ ቤተሰብ፣ ወደ ተቋም ይሄዳል፤ ጉዳዩ በየጊዜው ይታያል፤ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል፣ በጉዲፈቻ ይሄዳል፣ ወይም ዕድሜው ደርሶ ይወጣል። በእያንዳንዱ ደረጃ አራት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀን ፈጀ፣ ውሳኔውን የሰጠው ማን ነው። በዚህ መንገድ ሲሠራ ቁጥሩ የሚጠፋባቸው ቦታዎች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ለምሳሌ ጥቆማ ተቀባዩ 1,000 ላክሁ ሲል መርማሪው 820 ተቀበልኩ ካለ፣ 180 ሕፃናት የት እንደገቡ ማወቅ ከማንኛውም ዓለም አቀፍ ንጽጽር ይቀድማል።

ቁጥር ላይ በጣም የሚያሳስት አንድ ነገር አለ፤ እዚህ ጋ ረዘም አድርጌ ላስረዳ፣ ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው በዚህ ነው። መሥሪያ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጧችሁ በአንድ ቀን በእንክብካቤ ሥር ያሉትን ሕፃናት ቆጠራ ነው። አንድ ማዕከል በየወሩ 11 ሕፃናት ይቀበላል እንበል፤ 10ሩ አንድ ወር ቆይተው ይወጣሉ፣ አንዱ 24 ወር ይቆያል። ሥራው ከተረጋጋ በኋላ በማንኛውም ቀን ብትቆጥሩ 10 አጭር ቆይታ ያላቸውና 24 ረጅም ቆይታ ያላቸው፣ በጠቅላላው 34 ሕፃናት ታገኛላችሁ። የቆጠራው ሪፖርት «ከ100 ሕፃናት 70ው ለሁለት ዓመት ይቆያሉ» ይላል። እውነቱ ግን ከገቡት 11 አንዱ ብቻ፣ ማለትም ከ100 ዘጠኙ ነው ረጅም የሚቆየው። ሁለቱም አኃዝ ትክክል ነው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። የቀኑ ቆጠራ ስንት አልጋና ስንት ሠራተኛ እንደሚያስፈልግ ይነግራል። አንድ ሕፃን ሲገባ ምን እንደሚጠብቀው የሚነግረው ግን በአንድ ዓመት የገቡትን ሁሉ ይዞ ለሁለትና ሦስት ዓመት የሚከተል መረጃ ነው። የወጡትን ብቻ ቆጥሮ አማካይ ቆይታ ማስላትም ያሳስታል፤ ገና ያልወጡት፣ ማለትም በጣም የከበዳቸው፣ ከስሌቱ ውጭ ይቀራሉ። ስለዚህ ሚኒስቴሩን የምትጠይቁት የተጠቃለለ ሠንጠረዥ አይደለም። ስም የሌለው፣ እያንዳንዱ ሕፃን በአንድ መለያ ቁጥር የተወከለበት፣ የገባበት፣ የተዛወረበትና የወጣበት ቀን ያለበት ዝርዝር ነው።

የጥቆማ መጨመርም በደል ጨምሯል ማለት አይደለም። የስልክ መስመር ሲተዋወቅ ወይም አንድ ከባድ ሞት በዜና ሲወጣ ጥቆማው ይጎርፋል። እንግሊዝ ውስጥ በ2008 መጨረሻ የአንድ ሕፃን ሞት ፍርድ ይፋ ከሆነ በኋላ ሕፃናትን ከቤተሰብ ለመለየት ለፍርድ ቤት የሚቀርቡ ማመልከቻዎች በከፍተኛ ቁጥር ጨምረዋል። ወላጆች በአንድ ሌሊት ስለተለወጡ አይደለም፤ የሠራተኞችና የኃላፊዎች ፍርሃት ስለተለወጠ ነው። ሞት ደግሞ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ከ6 ወደ 9 መውጣቱ ብቻውን ስለ ሥርዓቱ የሚነግረው ነገር የለም፤ የአምስት ዓመት ድምር ይዛችሁ ተመልከቱት።

የኮሚሽኑ ልብ የፋይል ንባብ ነው። ቃለ መጠይቅ ሰዎች እንዲሆን የሚፈልጉትን ይነግራል፤ ፋይል የሆነውን ይነግራል። 240 ፋይል ለአንድ ዓመት ኮሚሽን የሚቻልና የሚበቃ መጠን ነው። አንድ ፋይል በአማካይ 3 ሰዓት ቢወስድ 720 ሰዓት ይሆናል፤ አራት አንባቢዎች በቀን 6 ሰዓት ቢያነቡ 30 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ በላይ በቀን አታስነብቡ። ይህ ንባብ ሰው ያደክማል፣ የደከመ አንባቢ ደግሞ ሳያውቀው ቅጽ መሙላት ብቻ ይጀምራል። ለአንባቢዎቹ በየሳምንቱ ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር የሚነጋገሩበት ሰዓት መድቡላቸው፤ ይህ በበጀት ላይ የሚጻፍ ነገር ነው።

ፋይሎቹን መሥሪያ ቤቱ እንዲመርጥላችሁ አትፍቀዱ። የመዝገብ ቁጥሮቹን ዝርዝር ተቀብላችሁ ናሙናውን ራሳችሁ በዕጣ አውጡ። ናሙናው በአራት ክፍል ይከፈል፦ ሳይመረመሩ በር ላይ የተዘጉ ጥቆማዎች፣ ተመርምረው የተዘጉ፣ እቤት ሆነው የተደገፉ፣ ከቤተሰብ የተለዩ። ከየክፍሉ 60። በር ላይ የተዘጉትን ማንም አያስባቸውም፤ ትልቁ ትምህርት ያለው ግን እነሱ ዘንድ ነው። በበደልና በቸልተኝነት የሚደርስን የሕፃናት ሞት ለማስወገድ በአሜሪካ የተቋቋመው ባለ 12 አባላት ኮሚሽን በ2016 ባወጣው ሪፖርት ያጎላው ግኝት ይኸው ነው፦ ወደ ጥበቃ ተቋም የተደረገ የስልክ ጥቆማ፣ ተቀባይነት አገኘም አላገኘም፣ አንድ ሕፃን በኋላ በበደል ሊሞት እንደሚችል ከሁሉ የበለጠ የሚያመለክት ነገር ነው። ከሚሞቱት ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከ3 ዓመት በታች መሆናቸውንም ይኸው ሪፖርት ያሳያል። በዚህ ዕድሜ ሕፃኑን የሚያይ መምህር የለም፤ የሚያየው የጤና ባለሙያ ነው። የጤና መረጃ የሌለበት ጥናት እንግዲህ በጣም ተጋላጭ የሆኑትን ሕፃናት አያያቸውም።

የንባብ ቅጹ ከ40 ጥያቄ አይብለጥ። መልሳቸው ከፋይሉ ውስጥ በቀንና በስም ሊገኝ የሚችል ይሁን። ሕፃኑ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው? ለብቻው ያነጋገረው ሰው አለ? የተናገረው በራሱ ቃል ተጽፏል? ወንድሞቹና እህቶቹ ታይተዋል? አባትየው ወይም እቤት ያለው ሌላ አዋቂ ተጠይቋል ወይስ እናቲቱ ብቻ? ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ምን አሉ? የቅርብ ኃላፊው ውሳኔውን ያየው ከመወሰኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ ፈርሞበታል? ቤተሰቡ ምን ድጋፍ ጠየቀ፣ ምንስ አገኘ? አንድ ጥያቄ ደግሞ በምንም ምክንያት አይቅር፦ ሕፃኑ ከቤቱ የተለየበት ምክንያት ድህነት ብቻ ነበር? ማለትም ኪራይ፣ የሕፃን መዋያ ወይም ትንሽ የገንዘብ ድጋፍ ቢኖር ኖሮ ቤቱ ይቆይ ነበር? የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2009 ያጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ የገንዘብና የቁሳቁስ ድህነት ብቻውን ሕፃንን ከወላጅ ለመለየት ምክንያት ሊሆን እንደማይገባው ይላል። ፋይሎቻችሁ ምን ያህሉ ከዚህ እንደሚጋጩ በቁጥር ማሳየት ከቻላችሁ፣ ያ አንድ አኃዝ ከመቶ ገጽ ትንታኔ ይልቅ የገንዘብ ሚኒስቴርን ጆሮ ያገኛል።

ከ240ው 40ውን ሁለት ሰው ለየብቻው ያንብባቸው፤ መልሶቻቸው በብዛት ከተለያዩ ጥያቄው ግልጽ አይደለም ማለት ነውና ከሁለተኛው ሳምንት በፊት ይስተካከል። የጠፋ ፋይል በሌላ አይተካ። «ከተጠየቁት 240 ፋይሎች 31ዱ አልተገኙም» የሚል ዐረፍተ ነገር ራሱ ግኝት ነው። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጉዳይ አለ፦ ይህን ያህል ፋይል ሲነበብ ዛሬም አደጋ ላይ ያለ ሕፃን መገኘቱ የማይቀር ነው። ለማን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ በምን መንገድ እንደሚነገርና መልስ መገኘቱን ማን እንደሚከታተል የሚደነግግ የአንድ ገጽ ሥርዓት የመጀመሪያው ፋይል ከመከፈቱ በፊት ይፈረም።

ከፋይሉ ጎን ለጎን ሁለትና ሦስት ቢሮዎች ውስጥ ተቀምጣችሁ ሥራውን ተመልከቱ። አንድ ጉዳይ ያዥ በሳምንት ስንት ሰዓት ከሕፃናትና ከቤተሰብ ጋር፣ ስንቱን በመንገድ፣ ስንቱን በቅጽ ላይ ያሳልፋል? የመንሮ ጥናት ዋና መደምደሚያ ሥርዓቱ ሕፃናት ርዳታ ማግኘታቸውን ሳይሆን ሥነ ሥርዓት መጠበቁን መለካት መጀመሩ ነበር። የሥራ ጫናን ስትለኩ አማካይ አትውሰዱ፤ አማካዩ 20 ሲሆን አንዱ 8 ሌላው 45 ይዞ ሊሆን ይችላል። የሚቆጠረው ሕፃን ነው ወይስ ቤተሰብ የሚለውም ይለይ። ለመመዘኛ ያህል የአሜሪካ የሕፃናት ደኅንነት ሊግ ለምርመራ ሥራ በወር ከ12 ጉዳይ፣ ለቀጣይ ድጋፍ ከ17 ቤተሰብ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ አኃዙ እንደ መንገዱ ርቀትና እንደ ረዳት ሠራተኛው ብዛት ይለወጣል።

ሕፃናትን ማዳመጥ በተመለከተ። የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 ሕፃን በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ይህ ማለት ግን ሕፃን በአዳራሽ ማይክሮፎን ፊት ይቁም ማለት አይደለም። ቦታውን እሱ ይምረጥ፣ የሚያምነው ሰው አብሮት ይሁን፣ ከአንድ ሰዓት አይለፍ። ምስጢር እንደሚጠበቅ፣ አሁን አደጋ ላይ ከሆነ ግን ዝም እንደማይባል ከመጀመሩ በፊት ይነገረው። የደረሰበትን እንዲተርክ አትጠይቁት፤ ከዚህ በፊት ለፖሊስ፣ ለሐኪም፣ ለዳኛ ተርኮታል። ይልቁንስ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ መጀመሪያ የነገርከው ለማን ነበር? ምን አደረገ? ምን ቢያደርግ ይሻል ነበር? ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ቀንና በሁለተኛው ሳምንት ባለሙያ ይደውልለት። ኮሚሽኑ የወሰነውንም ቆይቶ በሚገባው ቋንቋ መንገር ዕዳችሁ ነው። ስኮትላንድ ከ2017 እስከ 2020 ባካሄደችው የእንክብካቤ ሥርዓት ጥናት ከ5,500 በላይ ሰዎች ተደምጠዋል፤ ከግማሽ በላዩ በእንክብካቤ ሥር ያሉና የነበሩ ሰዎች እንዲሁም ቤተሰቦች ናቸው። ጥናቱ ከሥርዓቱ ወጪ ትንተና ጋር ነው የቀረበው፤ አፈጻጸሙንም እስከ 2030 የሚደግፍ ራሱን የቻለ አካል ተቋቁሞለታል። እናንተም ልትመለከቱት የሚገባ ይመስለኛል።

ምክረ ሐሳብ መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት አባላቱ በአንድ ነገር ላይ እንዲነጋገሩ ያድርጉ። ሥርዓቱ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራል፦ ሕፃንን አደጋ ውስጥ ይተዋል፣ ወይም መለየት የማይገባውን ሕፃን ከቤቱ ይለያል። እንግሊዝ ውስጥ በ1974 የወጣ ሪፖርት በማኅበራዊ አገልግሎት ክትትል ሥር እያለች በእንጀራ አባቷ የተገደለችን የ7 ዓመት ልጅ ጉዳይ መርምሮ የመጀመሪያውን ስሕተት አጋለጠ። በ1987 ደግሞ በክሊቭላንድ አውራጃ በጥቂት ወራት ውስጥ 121 ሕፃናት ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል ተብለው አብዛኞቹ ከቤታቸው ተለዩ፤ ከዚያም አብዛኞቹ ተመለሱ፣ ሌላ ምርመራም ተካሄደ። አንዱን ስሕተት ብቻ የተመለከተ ኮሚሽን ሥርዓቱን ወደ ሌላኛው ይገፋዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምክረ ሐሳብ ለሁለቱም ይፈተን፦ ይህ ቢፈጸም ሳያስፈልግ የሚለዩ ሕፃናት ይጨምራሉ? በአደጋ የሚተዉስ?

«ተቋማት ቅንጅታቸውን ያጠናክሩ» የሚል ነገር አትጻፉ። ማንም አይቃወመውም፣ ማንም አይፈጽመውም። በምትኩ እንዲህ ይጻፍ፦ «ከ1 ዓመት በታች በሆነ ሕፃን ላይ የአጥንት ስብራት ያገኘ ሐኪም ሕፃኑ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ለጥበቃ ክፍሉ ያሳውቃል፤ ክፍሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ማኅበራዊ ሠራተኛ ይልካል፤ መመሪያውን የጤና ሚኒስቴር በ6 ወር ውስጥ ያወጣል፤ በየሩብ ዓመቱ ስንቱ እንደታወቀና ስንቱ በ24 ሰዓት እንደታየ ሪፖርት ይደረጋል።» ፈጻሚ፣ ድርጊት፣ ቀነ ገደብ፣ መለኪያ። ወጪው ከጎኑ ይቀመጥ፤ የአንዴ ወጪና በየዓመቱ የሚደገመው ተለይተው። ሥልጠና ሲባል አሠልጣኙ ብቻ አይቆጠር፣ ሠልጣኙ ከሥራ ሲቀር ጉዳዮቹን የሚይዝ ሰውም ይቆጠር። አዲስ ቅጽ ካመጣችሁ በምትኩ የሚሰረዘውን ቅጽ በስሙ ጥሩ፤ በኮሚሽኖች መካከል የሚያልፍ ጊዜ ሁሉ ወረቀት የሚከመርበት ጊዜ ሆኗል።

ብዛቱስ? የአውስትራሊያው ኮሚሽን 17 ጥራዝና 409 ምክረ ሐሳቦች አውጥቷል፤ ይህ ግን በሀገር ደረጃና በየክልሉ ሰፊ አቅም ላለው መንግሥት ነው፤ ለአምስት ዓመት በየዓመቱ የአፈጻጸም ሪፖርት እንዲቀርብም ተመክሮ ነበር። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከ2015 እስከ 2022 የሠራው የወሲባዊ ጥቃት ምርመራ በመጨረሻው ሪፖርት 20 ብቻ አቀረበ። ለአንድ ዓመት ኮሚሽን ከ20 እስከ 25 በቂ ነው ባይ ነኝ። በሦስት ይከፈሉ፦ ያለ በጀትና ያለ ሕግ በ90 ቀን የሚፈጸሙ፣ በጀት የሚሹ፣ ሕግ የሚሹ። ሕግ ለሚሹት ረቂቁን ራሱን አባሪ አድርጉ። ቅደም ተከተልም ወሳኝ ነው። የማሳወቅ ግዴታን ለመምህራንና ለጤና ባለሙያዎች ሁሉ ከማስፋታችሁ በፊት ጥቆማ የሚቀበለውና የሚመረምረው ክፍል ሰው ይኑረው፤ አለበለዚያ ቀላሉ ጥቆማ ከባዱን ይቀብረዋል።

ረቂቁን ከመጨረሳችሁ በፊት ወደ ሦስት ቢሮዎች ይዛችሁ ሂዱና ለጉዳይ ያዦቹ አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ «ይህ ከሰኞ ጀምሮ ቢታዘዝ ምን ታደርጋላችሁ? ምንስ ትተዋላችሁ?» መልሳቸው የትኛው ምክረ ሐሳብ እንደሚሰበር ይነግራችኋል።

የጊዜ አከፋፈሉ እንግዲህ ይህን ይመስላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ለቢጋር፣ ለአባላት፣ ለመረጃ ስምምነትና ለቆዩት ምክረ ሐሳቦች ቆጠራ፤ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ለፋይል፣ ለቢሮ ጉብኝትና ለማዳመጥ። በስምንተኛው ወር መረጃ መሰብሰብ ይቁም፤ «አንድ ክልል ብቻ ቀርቶናል» የሚል ሐሳብ ሁልጊዜ ይመጣል፣ አትስሙት። ዘጠነኛውና አሥረኛው ምክረ ሐሳብ ለመቅረጽ፣ ለመሸጥና ለመፈተን ነው፤ መሸጥ ስል ፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች ሪፖርቱን በጋዜጣ ከማየታቸው በፊት የሚመለከታቸውን ገጽ አንብበው የአኃዝ ስሕተት እንዲያርሙ ማድረግ ማለቴ ነው። የሚያርሙት አኃዝ እንጂ ግኝት አይደለም፤ ያቀረቡት እርማት ሁሉ በጽሑፍ ይቀመጥ። አሥራ አንደኛው ለጽሑፍ፣ አሥራ ሁለተኛው ለሕትመትና ለርክክብ። ጊዜው እንደማይበቃ ከስድስተኛው ወር በፊት ከታያችሁ ማራዘሚያውን ያኔ ጠይቁ። የአውስትራሊያው ኮሚሽን በመሐል ባቀረበው ጊዜያዊ ሪፖርት ሁለት ዓመት እንዲጨመርለት ጠይቆ ተፈቅዶለታል፤ በመጨረሻው ወር የሚቀርብ ጥያቄ ግን ሥራ መጓደል ተደርጎ ይታያል።

በዚህ ሳምንት ሦስት ደብዳቤ ያውጡ። አንዱ ለሚኒስቴሩ፣ ላለፉት አምስት ዓመታት ስም የሌለው የሕፃናት ዝርዝር ከቀናቱ ጋር እንዲሰጣችሁ፤ ሁለተኛው ለፖሊስ፣ ለፍርድ ቤትና ለጤና፣ መረጃ የሚያስረክብ አንድ አንድ ሰው በስም እንዲወክሉ፤ ሦስተኛው ለጥበቃ ክፍሉ ኃላፊ፣ ከኮሚሽኑ የሚደርስ አስቸኳይ ማሳወቂያን ቀንም ሌሊትም የሚቀበል ተረኛና ስልክ እንዲመደብ። የሦስተኛው መልስ ሳይመጣ ፋይል አይከፈት።